ፒያኖ ሠሪው ፉጂን ሲወጣ

አዲስ ያደገ ክለብ በመጀመሪያ ጨዋታው ትልቁን ቡድን ሲረታ ስታዲየሙ ምን እንደሚሆን የኳስ አፍቃሪ ያውቀዋል። በጃፓንም እ.ኤ.አ. በ1955 የሆነው ይኸው ነው። ፒያኖና ኦርጋን ሠሪው ያማሃ የመጀመሪያ ሞተር ሳይክሉን፣ ባለ 125 ሲሲዋን ዋይኤ-1 አወጣ። የጀርመኗን ዲኬደብሊው አርቲ 125 አርአያ አድርጋ የተሠራች፣ ዘይት ከቤንዚን ተቀላቅሎ የሚሞላላት ቀላል ሞተር ናት። ዋጋዋ ግን 138,000 የን! የፒያኖ ሠሪን ሞተር በዚህ ዋጋ ማን ይገዛል?

ያማሃ መልሱን በውድድር ሰጠ። የሞተር ኩባንያው ጁላይ 1 ተመሠረተ፤ ጁላይ 10 በፉጂ ተራራ አቀበት በ125 ሲሲ ምድብ አሸነፈ። በኖቬምበር ደግሞ በአሳማ (ስሙ አያስቃችሁ፣ እሳተ ገሞራ ነው) ከ1ኛ እስከ 3ኛ ተከታትሎ ገባ። ከዚያ ወዲያ ስለ ፒያኖ ማን ያነሳል?