ያለ አሳማ ሥጋ የሚሠራ ነጭ የዶሮ ፓስታ

ልጆቻችሁ ነጩን የዶሮ ፓስታ ሥሩልን ሲሏችሁ «ቤከን አለበት» ብላችሁ ትታችሁት ይሆናል። ቤከን በጨው የታሸ፣ ብዙ ጊዜም በጭስ የተጠበሰ የአሳማ ሥጋ ነውና ሐራም ነው። በእሱ ፋንታ የበሬ ቋንጣ ይበቃል።

ለ4 ሰው 400 ግራም ፓስታ ቀቅሉ። ይህንኑ ያህል የሐላል ዶሮ ደረት በስሱ ቆራርጣችሁ፣ ውስጡ ሮዝ ቀለም እስኪጠፋ ድረስ በዘይት ጥበሱ። ጥሬ ዶሮ ሲታጠብ ፍንጣሪው ጀርም ያዛምታል። በሎሚና በጨው ሳያጥቡ መሥራት ለእኛ ሰው እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ከታጠበም ሰላጣው ይራቅ፣ ቢላዋውና መክተፊያው ወዲያው በሳሙና ይታጠብ።

2 የሾርባ ማንኪያ ቅቤ አቅልጡ፤ 2 ማንኪያ የፉርኖ ዱቄት አማስሉበት። 2 ኩባያ ወተት በጥቂት በጥቂቱ እያፈሰሳችሁ እስኪወፍር አብስሉ። ነጭ ሽንኩርትና ቁንዶ በርበሬ ጨምሩ፤ ዶሮውን፣ ፓስታውንና አንድ እፍኝ የተፈረፈረ ቋንጣ ቀላቅሉ።

ጨው አትጨምሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይመክራል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። እኔ አንድ ጊዜ ቋንጣም የሾርባ ኩብም ጨምሬ ሠራሁ። የግፊት ክኒን የሚወስዱት የባለቤቴ እናት እንዳይከፋኝ ብለው ጨርሰው በሉ፤ ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ሲጠጡ አደሩ። አሁን ቋንጣውን ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፌ ውሃውን እደፋለሁ። የእሳቸውን ድርሻ ደግሞ ቋንጣው ከመግባቱ በፊት አወጣለሁ።