«ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ?»

አያዋስካ የሚባለው የአማዞን ደን መጠጥ ድባቴን ያድናል እየተባለ ብዙ ይወራለታል። በተለይ በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ልጆቻችን ወሬው ይደርሳቸዋል። አንዱ «ልሞክረው ይሆን?» ቢል ምን እንመልስለታለን?

ስሙ የመጣው ከኬችዋ ቋንቋ ነው። «አያ» ነፍስ ወይም ሙት፣ «ዋስካ» ደግሞ ገመድ ወይም ሐረግ ማለት ነው። በፔሩ፣ በብራዚል፣ በኢኳዶርና በኮሎምቢያ ደኖች የሚኖሩ ሕዝቦች ሐረጉን ቀጥቅጠው፣ ቻክሩና ከተባለ ተክል ቅጠል ጋር ለብዙ ሰዓት ያፈሉታል። በፔሩ የሚኖሩት ሺፒቦዎች መጠጡን የሚወስዱት በሌሊት፣ የባህል ሐኪሙ ኢካሮ የተባለውን ዜማ እያዜመ ነው። መጠጡ ያስመልሳል፤ እነርሱ ይህን እንደ መንጻት ያዩታል። ፔሩ እ.ኤ.አ. በ2008 ባህላዊ አጠቃቀሙን የአገር ቅርስ ብላዋለች።

ጥበቡ ያለው በሁለቱ ዕፅዋት ጥምረት ነው። በቅጠሉ ውስጥ ዲኤምቲ የተባለ፣ የሌለ ነገር የሚያሳይ ንጥረ ነገር አለ። ቅጠሉ ብቻውን ቢጠጣ፣ በአንጀትና በጉበት ያለ ኢንዛይም ዲኤምቲውን ሰባብሮ ያጠፋዋል። ሐረጉ ግን ያንን ኢንዛይም ስለሚያግደው ንጥረ ነገሩ አንጎል ይደርሳል።

በብራዚሏ ናታል ከተማ 29 የድባቴ ሕሙማን በጥናት ተካፍለዋል። የተለመደው መድኃኒት አልረዳቸውም ነበር። ገሚሶቹ አያዋስካ፣ ገሚሶቹ ደግሞ እርሱን የሚመስል ሌላ መጠጥ አንድ ጊዜ ወሰዱ። ከሳምንት በኋላ አያዋስካ ከጠጡት 64 በመቶው፣ ከሌሎቹ ደግሞ 27 በመቶው ጉልህ መሻሻል አሳዩ። ተስፋ ይሰጣል፤ ነገር ግን የሰዎቹ ቁጥር ጥቂት ነው። ደግሞም ሁሉም ተመርምረው፣ የቀድሞ መድኃኒታቸውን አቁመው፣ በሆስፒታል ክትትል ሥር ነበሩ።

በነርስነት ሳገለግል መርፌ ከመውጋቴ በፊት «ሌላ የምትወስዱት መድኃኒት አለ?» ብዬ እጠይቅ ነበር። እዚህ ላይ ጥያቄው የሕይወት ጉዳይ ነው። መጠጡን የሚያሠራው የኢንዛይሙ መታገድ፣ ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊንን ከመሳሰሉ የድባቴ ክኒኖች ጋር ሲገናኝ ሴሮቶኒን የተባለውን ንጥረ ነገር ከልክ በላይ ያበዛዋል። ትኩሳት፣ መንቀጥቀጥ፣ የጡንቻ መገተርና መቃዠት ይከተላል፤ ሊገድልም ይችላል። ክኒኑን ዛሬ አቁሞ ነገ መጠጣትም አያድንም፤ ፍሉኦክሰቲን ከሰውነት ለመውጣት ሳምንታት ይፈጅበታል። ያለ ሐኪም ምክር ክኒን ማቋረጥ በራሱ ሕመሙን ይቀሰቅሳል። ስኪዞፍሬኒያ ወይም ባይፖላር ያለበት፣ ቤተሰቡም ውስጥ ያለ፣ የልብ ሕመምና የደም ግፊት ያለበትም ሊርቀው ይገባል። ዲኤምቲ በብዙ አገር በሕግ የተከለከለ መሆኑንም አትርሱ።

እንግዲህ ልጃችሁ ወሬውን ብታነሳ አትቆጧት። የተቆጣችሁባት ልጅ ሁለተኛ አታወራችሁም። መጀመሪያ ስለ ክኒኑ ጠይቋት። ቀጥሎ «ልጄ፣ መድኃኒት የሚያስፈልግሽ ምን ሆነሽ ነው?» በሏት። ከዚያ ሳታቋርጧት አድምጧት፤ ወደ ሐኪም ለመሄድም አብሯት የሚሄድ ሰው ፈልጉላት።