ተጨማሪ መረጃ፦ የአገልግሎት ጥያቄና የለውጥ ጥያቄ

በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ የሥራ ክፍሎች ከሚመዘገቡት ጥያቄዎች መካከል የአገልግሎት ጥያቄና የለውጥ ጥያቄ በአቀራረባቸው ቢመሳሰሉም፣ በሚያስከትሉት ስጋትና በሚያልፉበት የፈቃድ ሂደት ይለያያሉ። የአገልግሎት ጥያቄ ተጠቃሚው በተቋሙ የአገልግሎት ዝርዝር ውስጥ የተካተተና አፈጻጸሙ አስቀድሞ የታወቀ ነገር እንዲደረግለት የሚያቀርበው ሲሆን፣ የተረሳ የይለፍ ቃል ማደስና ለአዲስ ሠራተኛ የኢሜይል አካውንት መክፈት ለዚህ ምሳሌ ይሆናሉ። የለውጥ ጥያቄ ግን በአገልግሎት ላይ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ተጽዕኖ ሊያሳድር የሚችል ነገር እንዲጨመር፣ እንዲሻሻል ወይም እንዲወገድ የሚቀርብ ነው፤ ለምሳሌ የዳታቤዝ ሰርቨርን ወደ አዲስ ስሪት ማሻሻል መላውን ተቋም ሊነካ ስለሚችል፣ ስጋቱ ተመዝኖ፣ የሚተገበርበት ጊዜ ተወስኖና ሥራው ቢከሽፍ ሥርዓቱ ወደነበረበት የሚመለስበት ዕቅድ ተዘጋጅቶ፣ ሥልጣን ባለው አካል መጽደቅ ይኖርበታል።

በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በብሪታንያ መንግሥት ሥር መዘጋጀት የጀመረውና አይቲል የተባለው የአገልግሎት አስተዳደር ማዕቀፍ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. መውጣት በጀመረው አራተኛ እትሙ ለውጦችን በሦስት ይከፍላል፤ እነርሱም ስጋታቸው ዝቅተኛ በመሆኑ አስቀድሞ የተፈቀዱ ስታንዳርድ ለውጦች፣ እያንዳንዳቸው ተገምግመው የሚጸድቁ መደበኛ ለውጦች እና እንደ ከባድ የደኅንነት ክፍተት ያለ ችግር ሲያጋጥም በፍጥነት የሚተገበሩ አስቸኳይ ለውጦች ናቸው። ስታንዳርድ ለውጥ ብዙውን ጊዜ በአገልግሎት ጥያቄ አማካይነት ስለሚጀመር ሁለቱ የጥያቄ ዓይነቶች የሚገናኙት በዚህ ላይ ነው። ልዩነቱን በትክክል መለየት እጅግ አስፈላጊ የሚሆነው፣ ከባድ ለውጥ እንደ ቀላል ጥያቄ ሲስተናገድ አገልግሎት ሊቋረጥ፣ ቀላል ጥያቄ ደግሞ የለውጥ ፈቃድ እንዲጠብቅ ሲደረግ የተጠቃሚው ሥራ ያለ በቂ ምክንያት ሊጓተት ስለሚችል ነው።