ሀገር ስጪኝ

እንቆቅልሽ የተጫወተ ሁሉ ሕጉን ያውቃል። መልሱ የጠፋበት ሰው ሀገር ይሰጣል፤ የተቀበለው ደግሞ እዚያ ሄዶ የበላውን፣ የጠጣውንና ያየውን እያጋነነ ካወራ በኋላ መልሱን ይናገራል። እኛ አምቦ ያደግነው በኦሮምኛ «ሂቦ» እያልንም እንጫወተው ነበር። በአንድ ምሽት ስንቱን ከተማ ሰጥተን እንደምንጨርስ! ጠዋት ላይ ግን ማን ለማን ምን እንደሰጠ የሚያስታውስ የለም።

ከነርስነት ሥራዬ ጡረታ ስወጣ አንድ ሜትር ተኩል አቡጀዲ ገዛሁና በቤታችን የሚሰጠውን ሀገር ሁሉ መጥለፍ ጀመርኩ። እጄ ቁስል መስፋት ስለለመደ የመጀመሪያዎቹ ከተሞች ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ይመስሉ ነበር። ጉደርን በፏፏቴዋ ሠራኋት። አዲስ ዓለም ግማሽ ዘውድ ደረሳት፤ ዐፄ ምኒልክ ዋና ከተማ ሊያደርጓት አስበው የተዉአት ናትና። በአምቦና በወሊሶ መካከል ያለው ወንጪ ሐይቁና መሐሉ ላይ ያለው ደሴት ስላለው ብዙ ክር በላ።

የጎረቤቴ ጡረተኛ የሥዕል መምህር ንድፉን ይሥሉልኛል። እኔና እሳቸው በአንድ ነገር አንስማማም። እሳቸው «ካርታ ከሆነ ሆለታ በምሥራቅ፣ ጉደር በምዕራብ ይሁን» ይላሉ። እኔ በሽንፈቱ ቅደም ተከተል ነው የምሰፋው፤ ስለዚህ በእኔ ጨርቅ ላይ ሆለታ ከጉደር ማዶ ናት። ሲሥሉ ያጉረመርማሉ፣ ግን ቀርተው አያውቁም።

ለጨዋታ የሚሠራን ነገር የመናቅ ልማድ አለን። ቦዳ የተወለደው ጸጋዬ ገብረ መድኅን የአምቦ ተማሪ ሳለ ነው የንጉሥ ዲዮኒስዮስን ታሪክ ለትምህርት ቤቱ ተውኔት አድርጎ የጻፈው፤ ዐፄ ኃይለ ሥላሴም አይተውታል። በኋላ ሐምሌትንና ኦቴሎን በአማርኛ ያመጣልን ሰው የጀመረው እዚሁ፣ ከሩቅ ሀገር ተረት ጋር በመጫወት ነው። የታሪክ ብርድ ልብሶቿ የታወቁላት አሜሪካዊቷ ሠዓሊ ፌዝ ሪንጎልድም የመጀመሪያ ብርድ ልብሷን በ1980 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የሠራችው ልብስ ሰፊ ከነበረችው እናቷ ጋር ነበር። የእሷን ሥራ ፎቶ ካየሁ ወዲህ የሥዕሎቼን ጠርዝ በቁርጥራጭ ጨርቅ እከባለሁ።

በክረምት የልጅ ልጆቼ ከአዲስ አበባ ይመጣሉ። «አኮ» ይሉኛል፣ አያት ማለት ነው፤ ኦሮምኛቸው ከዚያ ብዙም አያልፍም ነበር። አሁን ለማሸነፍ ሲሉ ቃል ይለቅማሉ። ለእነሱ የፈጠርኩት አንድ እንቆቅልሽ ይኸውላችሁ፦ እሳት የለው፣ ይፈላል፤ ጥርስ የለው፣ ምላስ ይነክሳል። ከአምቦ ውሃ ጠርሙስ አጠገብ ተቀምጠው ሀገር ሰጡኝ!

ጨዋታውን ያጠበቀብኝ ግን የታላቅ እህቴ ነገር ነው። ሰባዎቹን አጋምሳለች። ምሳ መብላቷን ትረሳለች፣ እኔንም አንዳንዴ በእናታችን ስም ትጠራኛለች። «ሂቦ» ስላት ግን ቀና ትላለች፤ እናታችን እሳት ዳር ትጠይቀን የነበረውን፣ እኔ ፈጽሞ የረሳሁትን ታወጣለች። እስካሁን ሃያ ሦስት ጽፌያለሁ። በሙያዬ ስለማውቀው ልናገር፦ እንቆቅልሽ የመርሳት በሽታን አያድንም፣ ሐኪም ቤት መሄድንም አያስቀርም። የልጅነት ትዝታ ከትናንቱ ዘግይቶ ይጠፋል፤ እሱም ግን ይጠፋል። ስለዚህ እቸኩላለሁ።

ባለፈው ፋሲካ «ሲወጣ ብቻውን፣ ሲመለስ ቤት ሙሉ» አለችን። ልጆቹ ጭስ አሉ፣ ወሬ አሉ፣ ንብ አሉ። ሁሉም አይደለም። ተሸነፍንና ጌዶን ሰጠናት። «ጌዶ ሄጄ፣ የጌዶን ቅቤ በልቼ...» ብላ ጀመረችና ቆመች። ዝም ብለን ጠበቅናት። መልሱ አልመጣላትም።

ትንሿ የልጅ ልጄ «እማማ፣ ከጠፋብዎት ሀገራችንን ይመልሱልን» አለቻት።

እህቴ ሳቀች። «የተሰጠ ሀገር አይመለስም!»

ጌዶ በጨርቁ ጥግ ዙሪያዋ ብቻ ተሰፍቶ አለች፤ መሐሏ ባዶ ነው። መልሱን የምታውቁ ካላችሁ ላኩልን። ክሩን አልቆረጥኩትም።