ካሜራዋ በምሳ ሰዓት ብቻ ለምን ትጠፋለች?

አክስቴ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኝ አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ በፈረቃ ትሠራለች። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ የምሳ ዕረፍቷ ሲደርስ ስልኳን አውጥታ፣ ሮክቪል ባለው አፓርታማዋ ሳሎን መደርደሪያ ላይ የተቀመጠችውን ትንሽ ካሜራ ትከፍታለች። ማየት የምትሻው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የ84 ዓመት እናቷ ከአልጋቸው ተነሥተው እህል መቅመሳቸውን። አያቴም ይህን ስለሚያውቁ ካሜራዋን «ያቺ ዓይን» እያሉ ይጠሯታል፤ አንዳንዴም ደኅና ዋልሽ ይሏታል።

ባለፈው ዓመት ታዲያ ካሜራዋ ልክ በምሳ ሰዓት «ከመስመር ውጪ» የሚል ጽሑፍ ማሳየት ጀመረች። አያቴ ስልክ አያነሡም፤ ስልኩ መኝታ ቤት ነው የሚውለው፣ ጆሯቸውም ደክሟል። አክስቴ ሁለት ጊዜ ሥራዋን አቋርጣ በሮክቪል ፓይክ መጨናነቅ ውስጥ እየተብሰለሰለች ቤቷ ደርሳለች። ሁለቱንም ጊዜ ያገኘችው እናቷ በልተው ሲጨርሱ፣ ካሜራዋም ምንም እንዳልደረሰባት ሁሉ ስትሠራ ነበር። በሁለተኛው ጊዜ ከአለቃዋ ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት።

የካሜራዋ አምራች በስልክ የሰጣት መመሪያ ወደ ፋብሪካ ይዞታ መልሰሽ እንደ አዲስ አስተካክዪው የሚል ነበር። አራት ጊዜ ይህንኑ አደረገች። እኔም ብሆን የምሕንድስና ዲግሪዬን ይዤ የሰጠኋት የመጀመሪያ ምክር «አጥፍተሽ አብሪው» የሚል ነበር። ሁላችንም አንድ ስህተት ሠርተናል፤ ግንኙነቱ የተቋረጠው የት ላይ እንደሆነ ሳንጠይቅ ወደ ጥገና ገባን።

«ከመስመር ውጪ» የሚለው ጽሑፍ እንደ ትኩሳት ነው፤ ሕመም መኖሩን ይናገራል፣ የቱ ጋ እንደሆነ ግን አይናገርም። ምስሉ ከካሜራዋ ተነሥቶ አክስቴ እጅ እስኪደርስ ረጅም መንገድ ይሄዳል። መጀመሪያ ከካሜራዋ ወደ ራውተሩ በአየር ላይ ይጓዛል። ከራውተሩ በገመድ ወደ ኢንተርኔት አቅራቢው ይወጣል፤ ከዚያም አምራቹ ወደሚጠቀምበት ሰርቨር ይደርሳል። ከሰርቨሩ ደግሞ ወደ ስልኳ ይላካል። በብዙዎቹ የቤት ካሜራዎች፣ ባለቤቱ ከካሜራው አጠገብ ቆሞ ስልኩን ቢከፍት እንኳ ምስሉ ይህን ሁሉ ዞሮ ነው የሚመጣው። ከእነዚህ መንገዶች አንዱ ሲዘጋ ስልኩ ላይ የሚወጣው ጽሑፍ አንድ ዓይነት ነው።

የሰርቨሩ መንገድ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን ጥቅምት 10 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2025) ታይቷል። ከሮክቪል የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ በሚገኘው በሰሜን ቨርጂኒያ፣ የአማዞን የደመና አገልግሎት ማዕከላት ላይ የዲ ኤን ኤስ ችግር ደረሰ። ዲ ኤን ኤስ ማለት የኢንተርኔት ስሞችን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚተረጉም ማውጫ ነው። ማውጫው ሲሳሳት የሪንግ የበር ደወሎችና በድምፅ የሚታዘዘው አሌክሳ በብዙ ቤቶች ዝም አሉ። በዚያን ዕለት ራውተሩን ሲነቅል ሲሰካ የዋለ ሰው ድካሙ ከንቱ ነበር፤ የቤቱ መሣሪያ ደኅና ነው፣ የታመመው ሌላ ቦታ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምርመራ አንድ ደቂቃ የሚፈጅ ነው። ቤት ውስጥ ሆነው የስልክዎን የሞባይል ዳታ ያጥፉና በዋይፋዩ ብቻ አንድ ድረ ገጽ ለመክፈት ይሞክሩ። ዳታውን ማጥፋት የግድ ነው፤ ያለዚያ ዋይፋዩ ቢሞትም ስልኩ በጎን በሞባይል መስመር እየሠራ ያታልልዎታል። ገጹ ካልተከፈተ ችግሩ ከራውተሩ ወይም ከአቅራቢው ነው። ገጹ ተከፍቶ፣ የአንድ አምራች መሣሪያዎች በሙሉ በአንድ ላይ ከጠፉ ሰርቨሩን ይጠርጥሩ። የጠፋው አንድ መሣሪያ ብቻ ከሆነ ደግሞ ያንኑ መሣሪያ ራውተሩ አጠገብ አምጥተው አንድ ቀን ያውሉት። እዚያ ካልጠፋ ሕመሙ ያለው አየሩ ላይ ነው።

የአክስቴ ካሜራ በዚህ ምርመራ ያለፈችው ወደ አየሩ ነበር። አንድ የሚያደናግር ነገር ግን ገጠመን። በስልክ መተግበሪያ ስንለካ ካሜራዋ ያለችበት ቦታ ላይ የሲግናሉ ጥንካሬ ‑58 ዲቢኤም ነበር። ይህ ቁጥር ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ሲግናሉ ብርቱ ነው፤ በእያንዳንዱ 10 ልዩነት ኃይሉ አሥር እጥፍ ይለዋወጣል። ‑80 አካባቢ ሲደርስ አብዛኞቹ መሣሪያዎች መንተባተብ ይጀምራሉ። ‑58 ግን ጥሩ ነው። ታዲያ ካሜራዋ ምን ሆነች?

የሳተላይት ዲሽ አስተካክሎ የሚያውቅ ሰው መልሱን ያውቀዋል። አንዱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ «መጣ ወይ?» እያለ ሲጮኽ፣ ሌላው ሳሎን ሆኖ ሪሲቨሩ ላይ ሁለት መስመሮችን ያያል፤ አንዱ ጥንካሬ፣ ሌላው ጥራት። ጥንካሬው ሞልቶ ጥራቱ ባዶ ሲሆን ምስል የለም። ዋይፋይም እንዲሁ ነው። ራውተሩ ድምፁ ቢጎላም አጠገቡ የሚጮኽ ሌላ ነገር ካለ ቃሉ አይለይም።

አብዛኞቹ ርካሽ የቤት መሣሪያዎች፣ ማለትም አምፖሎች፣ ሶኬቶችና ካሜራዎች፣ የሚነጋገሩት በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ሞገድ ብቻ ነው። የዚህ ሞገድ ርዝመት 12.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከ5 ጊጋ ኸርዙ ይልቅ ግድግዳን አልፎ ራቅ ብሎ ይደርሳል። ችግሩ ሰፈሩ መጨናነቁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 የአሜሪካ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እዚሁ ዋሽንግተን ላይ በወሰነው ውሳኔ፣ ለኢንዱስትሪና ለመሰል ማሽኖች ተትቶ የነበረውን ይህን የሞገድ ክልል ፈቃድ ሳያስፈልግ ለመገናኛ መሣሪያዎችም ከፈተው። የመጀመሪያው የዋይፋይ ደረጃ በ1997 የወጣው በዚያ መሬት ላይ ነው። ብሉቱዝም እዚያው ገባ። ከሁሉም በፊት እዚያ ሰፍሮ የነበረው ነባር ባለርስት ግን ማይክሮዌቭ ምድጃ ነው፤ የሚሠራው በ2.45 ጊጋ ኸርዝ አካባቢ ነው።

አያቴ ምሳቸውን በማይክሮዌቭ ነው የሚያሞቁት።

ይህን ያገኘነው በቀላል ዘዴ ነበር። አክስቴ ካሜራዋ የጠፋችበትን ቀንና ሰዓት ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ላይ እንድትጽፍ ጠየቅኋት። በሁለት ሳምንት ዘጠኝ ጊዜ ተጻፈ፤ ስምንቱ ከስድስት ሰዓት ከሩብ እስከ ሰባት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነበር። ቅዳሜና እሁድ፣ አክስቴ ቤት ሆና ወጡን በምድጃ በምታሞቅበት ቀን፣ አንድም የለም። አንድ ማክሰኞ ሄጄ ከአያቴ ጋር ተቀመጥሁ። ሽሯቸውን ማይክሮዌቩ ውስጥ አስገብተው ቁልፉን ሲጫኑ በስልኬ የማየው ምስል ደርቆ ቀረ፤ ብዙም ሳይቆይ ያ ጽሑፍ ወጣ። ማሞቂያው የፈጀው ሦስት ደቂቃ ነው። ካሜራዋ ከራውተሩ ጋር እንደገና ተዋውቃ እስክትመለስ ግን ሌላ አምስት ደቂቃ አለፈ። ራውተሩ የተቀመጠው፣ የኢንተርኔት ገመዱ በወጥ ቤት በኩል ስለሚገባ፣ ከማይክሮዌቩ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ጤና ለሚሰጉ አንባቢያን አንድ ቃል። ማይክሮዌቩ አልተበላሸም ነበር። ዋና መሥሪያ ቤቱ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚገኘው የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ አንድ ማይክሮዌቭ በዕድሜው ሙሉ ከአካሉ 5 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ከ5 ሚሊዋት በላይ እንዳያፈስ ደንግጓል። ይህ መጠን ሰውን ከሚጎዳው እጅግ ያነሰ ነው። የዋይፋይ ተቀባይ ግን የሚሰማው ከአንድ ሚሊዋት በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩ እጥፎች ያነሰ ሹክሹክታ ነው። በተጨማሪም የዋይፋይ መሣሪያ እንደ ጨዋ ሰው ከመናገሩ በፊት አየሩ ጸጥ ማለቱን ያዳምጣል። ማይክሮዌቩ ሲጮኽ ካሜራዋ ተራዋን ስትጠብቅ፣ ስትጠብቅ፣ ጊዜው አልፎ ግንኙነቱ ይቋረጣል።

መፍትሔው ሦስት ሜትር ያህል ገመድ ነበር። ራውተሩን ወደ ሳሎን፣ ከወለል ከፍ ወዳለ መደርደሪያ ወሰድነው። ቻናሉንም ከ«ራሱ ይምረጥ» አውጥተን 1 ላይ አጸናነው። በአሜሪካ በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ካሉት 11 ቻናሎች ሳይደራረቡ አብረው የሚሠሩት 1፣ 6 እና 11 ናቸው። ከእነዚህም ከማይክሮዌቩ ጩኸት ርቆ የሚገኘው 1 ነው። ብዙ ጎረቤት ባለበት ሕንፃ ግን ሦስቱንም አስቀድሞ መለካት ይገባል፤ ሁሉም 1 ላይ ከሰፈረ ትርፉ ሌላ ግርግር ነው። ከዘጠኙ መቋረጥ አንዱ፣ ሌሊት የደረሰው፣ እስካሁን ምክንያቱን አላገኘሁለትም።

ከራውተር ለውጥ በኋላ የሚመጣው ችግር ከዚህ ይለያል። አዲሶቹ ራውተሮች 2.4ቱንና 5ቱን በአንድ ስም ያቀርባሉ፤ በማስተካከያው ጊዜ ስልኩ በ5 ገብቶ መሣሪያው በ2.4 ሲፈልገው አንዳንዶቹ ሳይገናኙ ይቀራሉ። የእንግዳ ኔትወርክ ከፍቶ 2.4 ብቻ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን ደብሊው ፒ ኤ 3 የተባለ ጥበቃ የማያውቁ የቆዩ መሣሪያዎችም አሉ፤ ለእነርሱ ራውተሩን 2 እና 3ን በሚያደባልቀው ምርጫ ላይ ማድረግ ይበቃል። አዲሱን ራውተር በቀድሞው ስምና የይለፍ ቃል መሰየም ደግሞ ከብዙ ድካም ያድናል።

ከአሜሪካ ካሜራ ገዝተው በሻንጣ ወደ አዲስ አበባ ለሚልኩ ወገኖች ልዩ ማሳሰቢያ አለኝ። ከአሜሪካ ውጪ በብዙ አገሮች ራውተሮች እስከ ቻናል 13 ይሠራሉ። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ መሣሪያ ግን ብዙ ጊዜ ከ11 በላይ አይሰማም። ስልኩ ዋይፋዩን እያየ ካሜራው «ኔትወርክ የለም» ካለ፣ ራውተሩ 12 ወይም 13 ላይ አለመቀመጡን ይመልከቱ። ቻርጀሩ ላይ «100–240» ቮልት የሚል ጽሑፍ መኖሩንም ከመሰካት በፊት ያረጋግጡ፤ የአገር ቤቱ መብራት 220 ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ካሜራው በጥቂት ሰከንድ ይነቃል፣ ራውተሩ ግን ሁለት ሦስት ደቂቃ ይፈልጋል። አንዳንዱ መሣሪያ ጥቂት ጊዜ ሞክሮ ተስፋ ይቆርጣል። ቤት ያለው ሰው ካሜራውን ነቅሎ፣ ራውተሩ ሲረጋጋ መልሶ ቢሰካው አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል፤ ለራውተሩ ብቻ የምትሆን ትንሽ ባትሪ መግዛት ደግሞ ነገሩን ከሥሩ ታቀለዋለች።

ወደ ፋብሪካ ይዞታ መመለስ የመጨረሻው እርምጃ ይሁን። የተከማቸውን ቅንብር ከማጥፋቱ ሌላ፣ ለምርመራው የሚረዳውንም ፍንጭ አብሮ ይወስደዋል። የአክስቴ ካሜራ አራት ጊዜ ተመልሳ አራቱንም ጊዜ በማግሥቱ ምሳ ሰዓት ላይ ጠፍታለች።

አሁን አክስቴ በስድስት ሰዓት ተኩል ስልኳን ስትከፍት እናቷን ታያለች። ከዚያም ሌላ ለእናቷ ጮክ ብሎ የሚጠራ የቤት ስልክ ገዝታ ወጥ ቤት አኑራለች። ራውተሩ የነበረበትን ቦታ አያቴ ለጀበናቸው ይዘውታል።