ለኢንቨርተር ጥገና ምትክ ትራንዚስተር ስለ መምረጥ

የባትሪን ኃይል ወደ 220 ቮልት የሚለውጠው ኢንቨርተር የሚባለው መሣሪያ መብራት በተቋረጠ ጊዜ የብዙ ሱቆች መጠባበቂያ ሆኗል። መሣሪያው ሲበላሽ ብዙ ጊዜ የሚቃጠለው የኃይል ትራንዚስተሩ ነው። ትክክለኛው ዓይነት ከገበያ ሲጠፋ ምትክ መፈለግ ግድ ይሆናል። ይህም ጉዳይ የጥገና ባለሙያውን ብቻ ሳይሆን፣ ዕቃውን የሚያስመጣውንና የሚሸጠውን ነጋዴ ጭምር የሚመለከት ነው።

ችግሩ የሚነሣው ትራንዚስተሮቹ በመልክ ስለሚመሳሰሉ ነው። አይ አር ኤፍ 3205 እና አይ አር ኤፍ 840 የሚባሉት ሁለቱም ባለ ሦስት እግር ናቸው፤ የእግሮቻቸውም ቅደም ተከተል አንድ ነው። የመጀመሪያው 55 ቮልት፣ ሁለተኛው 500 ቮልት ይችላል። ስለዚህ ሁለተኛው ይበልጣል ብሎ የሚገምት አይጠፋም። ነገር ግን የ3205 ሬዚስታንስ፣ ማለት ለኤሌክትሪክ ፍሰት የሚያሳየው እንቢታ፣ ቢበዛ 8 ሚሊኦም ሲሆን የ840 እስከ 0.85 ኦም ይደርሳል። በእያንዳንዳቸው 5 አምፔር ቢያልፍ በ3205 ወደ ሙቀት የሚለወጠው 0.2 ዋት ብቻ ነው፤ በ840 ግን ከ21 ዋት በላይ ይሆናል። ብዙ አምፔር በሚያልፍበት በባትሪው በኩል 840ን የተከለ ሰው መሣሪያውን መልሶ ያቃጥለዋል። የ840 ተገቢ ስፍራ ቮልቱ ከ300 በላይ በሚደርስበት በመውጫው ክፍል ነው።

በሌላ በኩል ቮልቱ ማነስም የለበትም። በብዙ ኢንቨርተሮች አሠራር፣ በባትሪው በኩል ያለ ትራንዚስተር በሚያርፍበት ቅጽበት የባትሪውን ቮልት እጥፍ ይሸከማል። ባለ 12 ቮልት ባትሪ በሚሞላበት ጊዜ ይህ ወደ 29 ቮልት ስለሚሆን 55 ይበቃል። በባለ 24 ቮልት ግን ወደ 58 ስለሚደርስ 100 ቮልት የሚችል ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ነጥብ ትራንዚስተሩን ለማስነሣት የሚያስፈልገው ቻርጅ ነው። አይ አር ኤፍ ዜድ 44 ኤን ቢበዛ 63 ናኖኩሎምብ ሲፈልግ፣ 3205 እስከ 146 ይፈልጋል። ለትንሹ የተሠራ አንቀሳቃሽ ክፍል ትልቁን በፍጥነት መክፈትና መዝጋት ስለሚያቅተው ሙቀት ይፈጠራል። ደግሞም ጎን ለጎን ከተተከሉት አንዱ ቢቃጠል ሁሉንም በአንድ ዓይነት መለወጥ ይገባል።

ስለዚህ አስመጪ ፕሮፎርማ ሲጠይቅ ሙሉውን መለያ ቁጥር ይጻፍ፤ የፋብሪካውን የመግለጫ ወረቀትም ያስልክ። እነዚህን ዕቃዎች በመጀመሪያ ያወጣው ኢንተርናሽናል ሬክቲፋየር በ2015 እ.ኤ.አ. ወደ ኢንፊኒዮን ስለ ተዛወረ፣ የምልክት መለወጥ ብቻውን ዕቃውን ሐሰተኛ አያሰኘውም። ዋጋው ከልክ በላይ የረከሰ እንደሆነ ግን ጥቂት ናሙና አስመጥቶ በባለሙያ ማስፈተን ይሻላል። ባለ ሱቅም ቁጥሩን ሳያመሳክር “ያው ነው” ብሎ አይሽጥ፤ በአንድ ትራንዚስተር የሚገኘው ትርፍ ጥቂት ነው፣ የደንበኛ እምነት ግን አንድ ጊዜ ከጠፋ በቀላሉ አይመለስም።