ብዙ ያተረፈ ሰው በክፉ ቀን ዕርዳታ ይገባዋልን?

አገርን ድንገተኛ መከራ ባገኘው ጊዜ መንግሥት ለተቸገረው ወገን እጁን መዘርጋት እንደሚገባው የሚክድ ሰው አይገኝም። ክርክር የሚነሣው ገንዘቡ ከተመደበ በኋላ ነው፤ ይኸውም ማን ይቀበል፥ ማንስ ይቅር በሚለው ላይ ነው። በተለይም በግል ሥራው የሚተዳደርና በደኅናው ዘመን ብዙ ያተረፈ ሰው የዕርዳታው ተካፋይ ይሁን ሲባል የሕዝቡ አሳብ በሁለት ይከፈላል። ይህ ጉዳይ ነጋዴን ሁሉ የሚነካ ስለ ሆነ፥ የኮሮና ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ በእንግሊዝ አገር የተደረገውን ምሳሌ አድርገን ለአንባቢዎቻችን ለማስረዳት እንሞክራለን። ዘመኑን የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በመጋቢት ወር 2020 ዓ.ም. የእንግሊዝ የገንዘብ ሚኒስትር የነበሩት ሪሺ ሱናክ ሁለት ደንቦችን አከታትለው አስታወቁ። በ20ኛው ቀን የታወጀው ደንብ ስለ ደመወዝተኞች ነበር። ሥራው ቆሞበት በቤቱ ለሚቀመጥ ሠራተኛ መንግሥት ከደመወዙ 80 በመቶውን ሊከፍል ተስማማ፤ ነገር ግን ክፍያው በወር ከ2,500 ፓውንድ እንዳያልፍ ተወሰነ። ሠራተኛው በዓመት 30,000 ፓውንድ ያግኝ ወይም 100,000፥ ከዕርዳታው የሚከለክለው ነገር አልነበረም።

በ26ኛው ቀን የታወጀው ደንብ ደግሞ በግል ሥራቸው ስለሚተዳደሩት ነበር። ለእነርሱም ከአማካይ የንግድ ትርፋቸው 80 በመቶው በዚያው በ2,500 ፓውንድ ወሰን ተሰልቶ የሦስት ወሩ በአንድ ጊዜ እንዲከፈል ተደረገ። ዳሩ ግን በደመወዝተኞች ላይ ያልነበረ አንድ ድንበር ተጨመረ፤ ዓመታዊ ትርፉ ከ50,000 ፓውንድ በላይ የሆነ ሰው አንዲት ሳንቲም እንዳያገኝ ተባለ።

የዚህን ድንበር ውጤት በሒሳብ እንመልከት። ሁለት ነጋዴዎች ጎን ለጎን ሱቅ አላቸው እንበል። የአንደኛው አማካይ ትርፍ 49,999 ፓውንድ ነው፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ዙር 7,500 ፓውንድ ይቀበላል። የሁለተኛው ትርፍ በመጨረሻው ዓመትም ሆነ በሦስቱ ዓመታት አማካይ 50,001 ፓውንድ ነው፤ እርሱ ምንም አያገኝም። በሁለት ፓውንድ ልዩነት 7,500 ፓውንድ ይቀርበታል ማለት ነው። ባልና ሚስት እያንዳንዳቸው 49,000 ፓውንድ የሚያተርፉ ቢሆኑ ግን ሁለቱም ይቀበላሉ፤ ብቻውን ሠርቶ 51,000 በሚያተርፈው ገንዘብ ቤተሰቡ ሁሉ የሚተዳደርበት ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል።

ሚኒስትሩ ስለዚህ ድንበር የሰጡት ምክንያት፥ ከግማሽ የሚበልጠውን ገቢያቸውን ከግል ሥራ ከሚያገኙት ሰዎች 95 በመቶው ተጠቃሚ ናቸው፤ የቀሩትም አማካይ ገቢያቸው 200,000 ፓውንድ ያህል ነው የሚል ነበር። ይህ አባባል በብዙ ሰው ልብ ገባ። ብዙ ያገኘ ሰው ለክፉ ቀን ማስቀመጥ ነበረበት፤ የድኻው ግብር የባለጠጋውን ቤት ሊያሞቅ አይገባም የሚለው አሳብ በየትም አገር የታወቀ ነውና። ነገር ግን አማካይ ቍጥር ብዙ ነገር ይሸፍናል። 51,000 የሚያተርፈውና ሚሊዮን የሚያተርፈው በአንድ አማካይ ውስጥ ሲደመሩ የፊተኛው ሰው አይታይም። ደግሞም ትርፉ በወረቀት የታየ ሰው ሁሉ በእጁ ገንዘብ አለው ማለት አይደለም፤ ለሱቁ ዕቃና ለብድር ያዋለው ይሆናልና።

በሌላው ወገን የቆሙት የሚሉት ይህ ነው፤ ግብር የሚከፈለው በደኅናው ቀን ነው፥ የሚካስበትም ቀን ክፉው ቀን ነው። በዚያ ዓመት በእንግሊዝ አገር 40 በመቶው የግብር መጠን የሚጀምረው በዚያው በ50,000 ፓውንድ ላይ ስለ ነበረ፥ ከፍ ያለውን ግብር መክፈል የጀመረው ሰው በዚያው ነጥብ ከዕርዳታው በር ተዘጋበት። ከዚህም በላይ የተሰጠው ዕርዳታ ራሱ ግብር የሚከፈልበት ገቢ ስለ ነበረ፥ ለባለ ከፍተኛ ገቢ ቢሰጥ እንኳ ከፊሉ ወደ መንግሥት ካዝና በተመለሰ ነበር።

ይሁን እንጂ ለዚህ ክርክር የሚመልሱት ሌላ ነገር ነበራቸው። በ2020 ዓ.ም. ደመወዝተኛው ለብሔራዊ ኢንሹራንስ 12 በመቶ ሲያዋጣ በግል ሥራ የሚተዳደረው የሚያዋጣው 9 በመቶ ነበር፤ በደመወዝተኛው ላይ ደግሞ ቀጣሪው 13.8 በመቶ ይጨምርለታል። በ2017 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስትር የነበሩት ፊሊፕ ሃመንድ 9ኙን በመቶ ቀስ በቀስ ወደ 11 ከፍ ለማድረግ በበጀታቸው ቢያሳስቡ፥ ተቃውሞው ስለ በረታባቸው በአንድ ሳምንት ውስጥ አሳባቸውን ተዉ። ሱናክም ዕርዳታውን ባስታወቁበት ቀን፥ ሁሉም እኩል የሚረዳ ከሆነ ወደ ፊት እኩል ማዋጣት እንደሚገባው ጠቁመዋል። በእርግጥ በግል ሥራ የሚተዳደር ሰው ሲታመም ደመወዝ የሚከፍለው ቀጣሪ የለውም፤ ሕዝብ ግን በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን አዋጥተሃል?» ብሎ ነው።

ሁለተኛው የሕዝብ ጥያቄ «በእውነት ተጎድተሃልን?» የሚል ነው። በዚህ ረገድ ደንቡ ጉድለት ነበረበት። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ሥራዬ ተጎድቷል ብሎ ማመልከት በቂ ስለ ነበረ፥ ምን ያህል ገቢ እንደ ቀነሰበት ማሳየት ሳያስፈልገው ሥራውን እየቀጠለ የተቀበለ ሰው ነበር። የገቢው መቀነስ ተመዝኖ የክፍያው መጠን የተለየው በአምስተኛውና በመጨረሻው ዙር ነው። ዕርዳታው በመስከረም 2021 ዓ.ም. ሲዘጋ 2.9 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በጠቅላላው 28 ቢሊዮን ፓውንድ ያህል ተቀብለው ነበር።

ሕዝብ የማያስፈልገውን ዕርዳታ የሚቀበለውን እንዴት እንደሚያይ የታላላቅ መደብሮች ነገር ያስረዳል። ቴስኮ የተባለው ኩባንያ በወረርሽኙ ጊዜ ሽያጩ ሳይቋረጥ ከንግድ ቤት ግብር ነጻ ተደርጎ ሳለ ለባለ አክሲዮኖቹ ትርፍ በማካፈሉ ብዙ ተነቀፈ። በታኅሣሥ 2020 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ 585 ሚሊዮን ፓውንድ እንደሚመልስ አስታወቀ፤ ሴንስበሪና ሞሪሰንን የመሰሉ ሌሎችም ተከተሉት። ነቀፌታው ባለጠጋ በመሆናቸው ብቻ የመጣ አልነበረም፤ ሳይጎዱ በመረዳታቸው ጭምር እንጂ።

እንግዲህ የ50,000 ፓውንድ ድንበር ከሁለቱ ጥያቄዎች አንዱንም አልመለሰም። የተለካው ያለፈው ዘመን ትርፍ ነው፤ የተፈለገው ግን የዛሬው ጉዳት ነበር። በሰኔ 2020 ዓ.ም. የእንግሊዝ የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት የገንዘብ ጉዳይ ኮሚቴ ድንበሩ ተነሥቶ የወሩ 2,500 ፓውንድ ወሰን ብቻ እንዲቀር መክሮ ነበር፤ ድንበሩ ግን እስከ መጨረሻው ጸና። ካናዳ በዚያው ዓመት መኸር ሌላ መንገድ መረጠች። በመጀመሪያ በሳምንት 500 የካናዳ ዶላር ለተጎዳው ትከፍል ነበር፤ በዓመቱ መጨረሻ የተጣራ ሌላ ገቢው ከ38,000 ዶላር በላይ ሆኖ ከተገኘ ከበለጠው ከእያንዳንዱ ዶላር ላይ 50 ሳንቲም ታስመልስ ነበር። በዚህ ዓይነት ገንዘቡ በችግሩ ሰዓት ይደርሳል፤ ያልተቸገረውም ይመልሳል፤ በሁለት ዶላር ልዩነት ሁሉን የሚያጣ ሰውም አይኖርም።

ለነጋዴ ወገን ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። በእንግሊዝ አገር ዕርዳታው የተሰላው ነጋዴው አስቀድሞ ለመንግሥት ካቀረበው የግብር ማስታወቂያ ነበር፤ ትርፉን አሳንሶ የጻፈ ሰው ዕርዳታውንም አሳንሶ ተቀበለ። የሕዝብ ርኅራኄም የሚሰፈረው በዚያው መስፈሪያ ነው። ሒሳቡን በቅን የያዘና ግብሩን በወቅቱ የከፈለ ነጋዴ፥ ብዙ ያተረፈ ቢሆንም እንኳ፥ በተጎዳ ጊዜ ጉዳቱን በማስረጃ አሳይቶ ድርሻዬን ስጡኝ ለማለት አፉ አይያዝም።